ዶሮዎቹ ያለቁበት ሰሞን

ሠርካዲስ ልደታ አካባቢ ባለ አንድ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። የምትኖረው ጌጃ ሰፈር፣ እናትና አባቷ ትተውላት ባለፉት አሮጌ ቤት ነው። ቤቱ ከኋላው በቆርቆሮ የታጠረች ጠባብ ጓሮ አለችው። ጓሮዋ ውስጥ አሥራ አንድ ዶሮዎች ነበሯት። ቤት ውስጥ የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ፣ ከሥራ ስትመለስ በሩን ከመክፈቷ በፊት በጎን ዞራ እነሱን ታይ ነበር።

ዶሮዎቹ አያስቸግሯትም። ጠዋት ፉርሽካ በውኃ ለውሳ ትሰጣቸዋለች፤ ማታ ቆጥራ ትዘጋባቸዋለች። እንቁላሉን በፍስክ ጊዜ ራሷ ትበላለች። ጾም ሲገባ ደግሞ አጥር ለምትጋራት ለነፊሳ ትሰጣለች። ነፊሳና ባሏ በከር ከወሎ መጥተው ጌጃ ሰፈር ከተቀመጡ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። በከር መንገድ ዳር ባለች ሱቁ የብረት በርና መስኮት ይበይዳል። ረመዳን ሲመጣ ነፊሳ በተራዋ ሳምቡሳ በሳህን ሸፍና በአጥሩ ላይ ታቀብላት ነበር።

ታላቅ ወንድሟ ሸዋንግዛው የመጣው ዝናቡ በበረታበት በሐምሌ ነው። ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ፣ የውጭ አገር ሰዎች በሚከራዩት አንድ ግቢ ውስጥ ሃያ አራት ዓመት አትክልተኛ ነበር። የሚያድረውም እዚያው ስለነበር ቤት የሚመጣው በዓል ሲሆን ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹ አሠሪዎቹ ፈረንሳውያን ባልና ሚስት ነበሩ። እነሱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቤቱን የተከራዩት ሰዎች የራሳቸውን አትክልተኛ ይዘው ገቡ። ሸዋንግዛው ልብሱን በአንድ ሻንጣ፣ አምስት ዳክዬዎችና ሁለት ዝዮች ደግሞ በሦስት ካርቶን ይዞ ከላዳ ታክሲ ወረደ።

ሠርካዲስ ጃንጥላ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ካርቶኖቹ በዝናቡ ረስርሰው ታቻቸው ሊቀደድ ደርሷል። ፈረንሳዊቷ ሴትዮ ስትሄድ ወፎቹን አልቅሳ እንደሰጠችው ነገራት። ሰው ፈልጎ እስኪሰጣቸው ድረስ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው አለ። እሷም ግባ ከዝናቡ አለችው።

ጥቂቱ ቀን ዘጠኝ ወር ሆነ። ዳክዬና ዝይ የሚበላ ክርስቲያን በሰፈሩ የለም። ነፊሳም ብትሆን ሃይማኖቷ ባይከለክላትም አይታቸው እንኳ አታውቅም፤ ሥጋቸው ምን ምን እንደሚል ሲወራ ሰምታ አፍንጫዋን ያዘች። ማንም የማይገዛቸው ወፎች ጓሮው ውስጥ ተመቻቸው። ሸዋንግዛው በፈረንሳይኛ ሲጠራቸው ይሰሙት ነበር፤ «ቪያን፣ ቪያን»፣ ኑ ኑ፣ ሲላቸው ሰባቱም ተሰልፈው ይመጣሉ። ሌላ ሰው ሲጠራቸው ዞር ብለው አያዩም።

ሠርካዲስን ያንገላታት ውኃው ነው። ሰፈሩ ውስጥ ውኃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ንጋት ላይ ነበር። ድሮ አራት ጀሪካን ለሳምንት ይበቃታል። ዳክዬዎቹ ግን በሳፋ የተቀዳላቸውን ውኃ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጭቃ ያደርጉታል፤ ውስጡ ገብተው ይታጠቡበታል፣ ይጠጡታል፣ ይኮሱበታል። ዶሮዎቹ ያንን እንዳይጠጡ ደግሞ ሌላ ውኃ ያስፈልጋል። ሸዋንግዛው ወገቡን ስለሚያመው ጀሪካን አያነሣም። ስለዚህ እሷ በሳምንት ሁለት ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥታ፣ አሥራ ሁለት ጀሪካን ሞልታ፣ ከቧንቧው ወደ ጓሮ ጎትታ፣ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወደ ሥራ ትሄዳለች።

ሥራዋም በዚያ ዓመት ከብዶ ነበር። አሮጌዎቹ መዝገቦች ወደ ኮምፒውተር እንዲገቡ ስለታዘዘ ከምድር ቤት በክንድ እየታቀፉ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣሉ። ሊፍቱ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሁለት ቀን ይቆማል። ጉልበቷ ደረጃው መሐል ላይ ሲንቋቋ ይሰማታል። ቤት ስትደርስ ወንዱ ዝይ ክንፉን ዘርግቶ፣ አንገቱን አስግጎ ይቀበላታል። አንድ ጊዜ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰው ሱሪውን ነክሶ እስከ አስፋልት ሸኝቶታል። ሰውየው ከዚያ በኋላ ቁጥሩን በበሩ ቀዳዳ ሆነው እንዲያነቡለት ይጠይቅ ጀመር።

ለወንድሟ ግን ምንም አላለችውም። ቀኑን ሙሉ የሚሠራው እነሱን ብቻ መሆኑን ታውቃለች። ከእንጨት ቤቶች ሰጋቱራ በማዳበሪያ ያመጣል፣ ያነጥፋል፣ የቆሸሸውን ይጠርጋል። የቀረውን ሰዓት ዱካ ላይ ተቀምጦ በሰንጋ ተራ በኩል የሚታዩትን ኮንዶሚኒየሞች ያያል። ሥራ ሊፈልግ ሦስት ቦታ ሄዶ ነበር፤ ዕድሜውን ጠይቀው መለሱት። ከዚያ በኋላ አልወጣም።

ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ሠርካዲስ መርካቶ ሄዳ አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ ገዛች። ገበያው ሳይጨናነቅ ብላ ነው። ደረቱ የሰፋ፣ በራሱ ላይ ያለው ኩክኒ ደም የመሰለ ነበር። እግሩን አስራ ታቅፋው ስትመጣ ነፊሳ በአጥሩ አይታው አደነቀች። ሠርካዲስም የዘንድሮው ፋሲካ ወንድሟ ሙሉውን በዓል ቤት የሚውልበት የመጀመሪያው እንደሆነ ነገረቻት። ስትስቅ ጥርሷ ታየ። እግሩን ፈታ ጓሮ ለቀቀችው። ሸዋንግዛው ዱካው ላይ ሆኖ አየው፤ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ «መልካም ዶሮ ነው» አለ።

ወንዱ ዝይ በዚያው ዕለት አውራ ዶሮውን አሳድዶ አንገቱን ነከሰው። በሦስተኛው ቀን አውራ ዶሮው ክንፉን ጥሎ ጥግ ቆመ። ረቡዕ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ሠርካዲስ ዝዩ ገደለብኝ አለች። ሸዋንግዛው ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው።

የሆሳዕና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቀይዋ ዶሮ እያነጠሰች ነበር። ሰኞ አራቱን አረንጓዴ ያስቀምጣቸው ጀመር። አንዷ አንገቷ ተጠምዞ ወደ ጀርባዋ ዞረ፤ እህል ልትለቅም ስትሞክር አየር ትወጋለች። ሠርካዲስ ነጭ ሽንኩርት ደቁሳ ሰጠቻቸው፣ ሎሚ ጨመቀችላቸው። ማክሰኞ ሦስት ሞቱ፤ ከዚያ የቀሩት ተከታተሉ። ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ ሸዋንግዛው የመጨረሻዋን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይዞ ቆሞ ነበር። ዳክዬዎቹ ከሳፋው ውስጥ ሆነው ውኃ ይረጫጫሉ። ዝዮቹ ቆመው ያዩዋታል።

ቦርሳዋን ደረጃው ላይ አስቀመጠች።

«አንድ ዝይ አልሞተም» አለች። «አንድ ዳክዬ አልሞተም። የሞቱት የእኔ ብቻ ናቸው።»

«እውነትሽን ነው» አለ።

«ያንተ ወፎች ናቸው የጨረሱብኝ። ከዚህ ግቢ ይውጡልኝ፣ ጋሼ። ደክሞኛል።»

«እሺ» አለ ሸዋንግዛው። ማዳበሪያውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ሄደ።

በማግስቱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ሠርካዲስ ስትነሣ ጓሮው ጭር ብሏል። ካርቶኖቹም ወፎቹም የሉም። ወደ ሸዋንግዛው መኝታ ገብታ አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ አየች። ሻንጣው አለ። ስልኩም ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትንሽ አረፈች፤ ከዚያ መሥሪያ ቤት ደውላ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቀች።

ነፊሳ አስቀድማ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ነግራላት ስለነበር ሦስት ሰዓት ላይ ኑኃሚን የምትባል ወጣት ሐኪም ቦት ጫማ አድርጋ መጣች። ጓሮውን አየች፣ የተቀበሩበትን ቦታ ጠየቀች፣ ስለ አንገታቸውና ስለ ኩሳቸው ጠየቀች። ፈንግል ነው አለች። ሠርካዲስ ዳክዬዎችና ዝዮች እንደነበሩ፣ እነሱ ምንም እንዳልሆኑ፣ በሽታውን ያመጡት እነሱ እንደሆኑ ነገረቻት።

«ከመጡ ምን ያህል ጊዜ ሆናቸው?» አለች ኑኃሚን።

«ዘጠኝ ወር።»

«ዘጠኝ ወር አብረው ኖረው ካልታመሙ እነሱ አይመስሉኝም። ዳክዬና ዝይ ፈንግልን ይቋቋሙታል እንጂ ሁልጊዜ ምክንያቶቹ እነሱ አይደሉም። በቅርብ ከገበያ የገባ ዶሮ አለ፣ እትዬ?»

ሠርካዲስ የለም ልትል ነበር። «አውራ ዶሮ» አለች። «የፋሲካ።»

ኑኃሚን ራሷን ነቀነቀች። በበዓል ሰሞን ከየአገሩ የሚመጣ ዶሮ በአንድ ቅርጫት ታፍኖ ስለሚሸጥ ፈንግል ሁልጊዜ በዚህ ወቅት እንደሚነሣ፣ በየቤቱም ተመሳሳይ ነገር እያየች እንደሆነ ነገረቻት። ጓሮው ላይ ኖራ እንዲደፋ፣ ቢያንስ ሦስት ወር ሌላ ዶሮ እንዳይገባ፣ የሚቀጥሉት ከመግባታቸው በፊት እንዲከተቡ አሳስባት ሄደች። ሠርካዲስ እስከ በር ሸኘቻት፤ ተመልሳ ባዶው የዶሮ ቤት ፊት ቆመች። እጇ ላይ የአውራ ዶሮው ክብደት ተሰማት፤ ከመርካቶ እስከ ቤት ታቅፋው የመጣችው እሷ ናት።

በከርን ሱቁ ሄዳ ጠየቀችው። የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ ንጋት ላይ ካርቶኖቹን ከሸዋንግዛው ጋር እስከ ታክሲ ተራ እንደተሸከሙ፣ ሁለት ታክሲዎች አንጭንም ብለው ሦስተኛው በስንት ልመና እንደጫነ ነገራት። ወደ ድሮ ሥራ ቦታው እንደሚሄድ ነግሮት ነበር። ሠርካዲስ ጉልበቷን እያሸች ታክሲ ያዘች።

ኦልድ ኤርፖርት ያለውን ግቢ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ኃይለመለኮት ይባላል፤ ከወንድሟ ጋር ዓመታት የሠራ ሽማግሌ ነው። በሕማማት ሰው ስለማይሳሳም ሁለቱም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ብቻ ሰላም ተባባሉ። መቀመጫውን ለቀቀላት። ሸዋንግዛው ጠዋት መጥቶ እንደነበር፣ አዲሶቹ ተከራዮች ወፎቹን አንፈልግም እንዳሉት፣ አጥሩ ሥር ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ከዚያ ፉሪ አካባቢ ዳክዬ ለቻይና ምግብ ቤቶች ወደሚያረባ ሰው እንደሄደ ነገራት።

«ምነው ግን ሊሰጣቸው ፈለገ?» ብሎ ጠየቃት።

ዶሮዎቿ በፈንግል ማለቃቸውን ነገረችው።

«አይ፣ ፈንግል» አለ ኃይለመለኮት። «እዚህም ገብቶ ነበር እኮ፣ ከስድስት ዓመት በፊት። ማዳሟ ከገበያ አንድ አውራ ዶሮ አምጥታ ሳትለይ ብትለቀው በሳምንቱ ሃያ ዶሮ አለቀ። ዝዮቹ ግን ምንም አልሆኑም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ሲገባ ሸዋንግዛው ሁለት ሳምንት ለብቻው ዘግቶ ነበር የሚያስቀምጠው። ለእሱ ንገሪው፣ እሱ ያውቀዋል።»

ሠርካዲስ አመሰገነችውና ተነሣች። ፉሪ ድረስ ልትሄድ አሰበች፤ ግን የሰውየውን ቤትም ስልኩንም አታውቅም። ከሰዓት በኋላ ሥራ መግባትም ነበረባት። አልገባችም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመች፣ ወረደች፣ ሌላ ሰልፍ ቆመች። ቤት ስትደርስ ጫማዋን ሳታወልቅ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። በዚያ ቀን እህል አልቀመሰችም፤ ጾም ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ሸዋንግዛው የተመለሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አንድ ካርቶን በሁለት እጁ ታቅፏል። ጫማው አቧራ ጠጥቷል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ካርቶኑን ደረጃው ሥር አስቀምጦ ቀስ ብሎ ወገቡን አቀና።

«ዳክዬዎቹን ወሰዳቸው» አለ። «ዝዮቹን ግን ዳክዬዎቼን ይደበድቡብኛል ብሎ እምቢ አለ። ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ለዛሬ ይደሩ።»

«ታውቅ ነበር» አለችው ሠርካዲስ።

«ምኑን?»

«አውራ ዶሮው እንደሆነ። ኃይለመለኮት ነገረኝ።»

ሸዋንግዛው አጠገቧ ተቀመጠ። የጫማውን ክር ለመፍታት ጎንበስ ለማለት ሞከረና ወገቡ እምቢ ሲለው ተወው።

«ያመጣሽው ዕለት ለብቻው ይቆይ ልልሽ ነበር» አለ። «ስትስቂ አየሁሽ። ከሐምሌ ጀምሮ ስትስቂ ያየሁሽ ያን ዕለት ነው። ምናልባት ደኅና ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔም ነው።»

«ትናንትናስ? እንደዚያ ስናገርህ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ብነግርሽ ዶሮዎቹ ይነሣሉ? ከሁለታችን አንዳችን ጥፋተኛ መሆናችን ካልቀረ እኔ ብሆን ይቀላል ብዬ ነው፣ ሠርኬ። አንቺ ጠዋት ሥራ ትገቢያለሽ። ያንን ደረጃ ትወጫለሽ። እኔ ይዤው ብቀመጥም ምንም አይጎድልብኝም።»

ሠርካዲስ ተንበርክካ የጫማውን ክር ፈታችለት። ካልሲው ተረከዙ ላይ ተቀዶ ቆዳው ቀልቷል።

«ሻንጣህ መኖሩን እስካይ ድረስ ነፍሴ አልነበረችም» አለች።

«የት ልሄድ?» አለ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ በእርግጥ መልሱን የማያውቅ ይመስል ነበር።

«ይቅር በለኝ፣ ጋሼ።»

«ይቅር ለእግዜር።»

ካርቶኑን ከፈተችው። ዝዮቹ ቀኑን ሙሉ ታጥፈው ስለዋሉ እግራቸው ወዲያው አልታዘዘላቸውም። ወንዱ አንገቱን አውጥቶ አያት፤ ሊነክሳትም ሊጮህባትም አቅም አላገኘም። ሳፋው ውስጥ የቀረውን ውኃ ወደ እነሱ ገፋ አደረገችው። ሸዋንግዛውን ሌላ ሰው እንዳይፈልግላቸው ነገረችው፤ ሁለት ዝይ ብዙ ውኃ አይጨርስም አለች። ይህ እውነት እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁታል።

ስቅለትን ልደታ ማርያም ሲሰግዱ ዋሉ። ሠርካዲስ ከግማሽ በኋላ ጉልበቷ ስለከዳት ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ሸዋንግዛው ወገቡን ይዞ ከአጠገቧ አልራቀም። ቅዳሜ ከሰዓት በከር አንድ ዶሮ ይዞ በራቸው ላይ መጣ። ሠርካዲስ ዶሮ እንዳይገባ ሐኪሟ ማዘዟን ነገረችው። በከር ያንን ነፊሳ እንደነገረችው፣ የገዛውም ዶሮዎቹ ከተከተቡበት የከተማ ርቢ እንደሆነ ነገራት፤ ሸዋንግዛው እዚያው በር ላይ ይረደውና ወደ ውስጥ ሥጋው ብቻ ይገባል አለ። ለስንት ዓመት እንቁላሏን ሲበሉ ኖረው ፋሲካን ያለ ዶሮ እንድትውል ነፊሳ እንደማትፈቅድም ጨመረ። ሸዋንግዛው ቢላዋ ይዞ ወጣ። ሠርካዲስ ስትገነጥል ብልቶቹን ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤ አሥራ ሁለቱም ነበሩ።

በዓሉን ሁለቱ ብቻቸውን ዋሉ። እሱ የፈረንሳዮቹን ግቢ ጽጌረዳ እንዴት ይገርዝ እንደነበር ነገራት፤ እሷ ደግሞ ምድር ቤት ስላለ፣ ባለቤቶቹ ሁሉ ሞተው ክርክሩ ግን ስላልተዘጋ አንድ የድንበር መዝገብ አጫወተችው። ሰኞ ጠዋት ሸዋንግዛው ከበከር የጋሪ ጎማ ለምኖ ጀሪካን የሚገፋባት ነገር መሥራት ጀመረ። በከር ብረቱን በየደለት። ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ዓርብ ውኃውን የሚቀዳው እሱ ሆነ፤ ጀሪካኑን ግማሽ ብቻ እየሞላ፣ እጥፍ ጊዜ እየተመላለሰ።

ሠርካዲስ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ የዓመት ዕረፍት ነበራት። ከበዓሉ በኋላ ባለው ሳምንት አለቃዋ ዘንድ ገብታ አሥር ቀን ጠየቀች። አለቃዋ የመዝገቦቹ ሥራ ሳያልቅ እንዴት አሁን ብሎ ጠየቃት። ደክሞኛል አለችው። ሌላ ምክንያት ልትሰጥ አስባ ነበር፤ አላገኘችም። ሰውየው ፊቷን አየና ፈረመላት።

በመጀመሪያው ቀን ስትነቃ በመጋረጃው ጠርዝ የሚገባው ፀሐይ አልጋዋ መሐል ደርሷል። ስልኳን አየች፤ አምስት ሰዓት ተኩል ይላል። ደንግጣ ቁጭ አለች። ከጓሮው የአካፋ ድምፅ ይሰማል፤ ሸዋንግዛው ኖራ እየደባለቀ ነው። ትንሽ አዳመጠችው። ከዚያ እግሯን ወደ ብርድ ልብሱ ውስጥ መልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች።